ልጅ ወደ ውትድርና ሲሄድ፣ ቤት ለቀረው ሰው

በዚህ ዕትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፉ በመሆናቸው በአንድነት አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ገጽ ወስዷል። የጸሐፊዎቹ ስምና ቀበሌ በራሳቸው ጥያቄ መሠረት አልተገለጸም።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰንብታችኋል። እኔ መንዝ ውስጥ የምኖር የአራት ልጆች እናት ነኝ። ይህን ደብዳቤ እየነገርኳት የምትጽፍልኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ሁለተኛው ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤት ስላልመጣለት ከአባቱ ጋር ሲያርስ ቆይቶ፣ ማንንም ሳያማክር ለመከላከያ ተመዘገበ። ይህን ስሰማ እንደ እብድ ሆንኩ። የትምህርት ማስረጃውን ከሣጥን አውጥቼ ዘመድ ቤት ደበቅኩበት፤ እሱም ደርሶበት ወሰደው። እስኪሄድ ድረስ ባለችው ሳምንት አንድ ደህና ቃል አልተነጋገርንም። በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥሬ ሰጠሁት እንጂ፣ ጉልበቴን ስሞ ሲነሣ አፌን ሞልቼ አልመረቅኩትም። ከሄደ ወዲህ አንድ ጊዜ ደውሎ «ደህና ነኝ፣ ሥልጠና ላይ ነን» አለኝ፤ እኔ ሳለቅስ መስመሩ ተቋረጠ።

አሁን እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሏል። ሌሊት ሰውነቴን ያነደኛል፣ ልቤ ይመታል። በቀደም ዕለት ጎረቤታችን ጎህ ሳይቀድ እሳት ልትጭር መጥታ ከደጅ ስትጣራ፣ መርዶ ነጋሪ የመጣ መስሎኝ ከመደቡ መነሣት አቃተኝ። ባለቤቴ ስለ ልጁ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ በጎቹን ነድቶ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። ሳለቅስ ያዩኝ ሰዎች «በሕያው ልጅሽ ላይ ታሟርቻለሽ?» ይሉኛል። ወንድሜ በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ በዚያው ቀርቷል። መሞቱም መኖሩም ሳይታወቅ፣ እናታችን በር በሩን ስታይ ኖራ አለፈች። እኔም እንደ እናቴ ልሆን ነው? ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እናታችን፣ ደብዳቤዎ ብዙ ነገር በአንድ ላይ ይዟል፤ የልጅ ናፍቆት፣ ያልተሰጠ ምርቃት፣ የባል ዝምታ፣ የወንድም ነገር፣ የሰውነት ሕመም። እነዚህ ሁሉ ተደራርበው በአንድ ሌሊት ሲመጡ ነው ሌሊቱ አልነጋ የሚለው። ስለዚህ በየተራ እናንሣቸው።

ከእንባዎ ልጀምር። በሕያው ሰው ማልቀስ ክፉ ይጠራል የሚለው አነጋገር የቆየ ነው፤ የሚናገሩትም ጎረቤቶች ሊያጽናኑዎ ፈልገው እንጂ ክፉ አስበው አይመስለኝም። ሆኖም ሴት ልጅ ተድራ ከቤት ስትወጣ እናቷ እያለቀሰች ትሸኛታለች፤ ያንን እንባ ሟርት ነው የሚል ሰው ሰምተው አያውቁም። የእርስዎም እንባ የመለየት እንባ ነው። ከቤት ወጥቶ የሄደ ልጅ የእናቱን ሆድ ማባባቱ ያለ ነው፤ የሄደው ወደ ውትድርና ሲሆን ደግሞ ፍርሃት ይጨመርበታል። ሲመጣብዎ ያልቅሱ። ሰው እንዳያይዎ ብለው ውጠው ካስቀሩት፣ በሰውነትዎ በኩል መውጫ ይፈልጋል።

የሰውነትዎ ነገር እንዲያውም ይህን ያሳያል። «ያነደኛል»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «እህል አይወርድልኝም» የሚሉት ቃላት በአገራችን የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ዘንድ የተለመዱ ናቸው። ጭንቀት ወይም ሐዘን የጸናበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ «ፈርቻለሁ» ወይም «አዝኛለሁ» ብሎ አይጀምርም፤ ራሴን፣ ጨጓራዬን፣ ደረቴን ነው የሚለው። ሕመሙ እውነተኛ ሕመም ነው። ሰው አደጋ መጣ ብሎ ሲደነግጥ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይርቀዋል፤ ይህ ሁሉ ሰውነት ለመሸሽ ወይም ለመታገል የሚያደርገው ዝግጅት ነው። በእርስዎ ቤት ግን የሚሸሹትም የሚታገሉትም ነገር ስለሌለ፣ ሰውነትዎ ዝግጅቱን ሳይፈታ ነቅቶ ያድራል።

አሁን ወደ ወንድምዎ ልምጣ፤ የደብዳቤዎ ዋና ነገር እሱ ይመስለኛልና። በ1975 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ዜጎችን ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ያስገድድ እንደነበር በዕድሜ ገፋ ያሉ አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከወታደሮቹ ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ቀያቸው ተመለሱ፣ ብዙዎችም ወደ ሱዳን ተሻገሩ፣ የት እንደ ደረሱ ሳይታወቅ የቀሩም ነበሩ። መርዶ ያልመጣላቸው ቤተሰቦች ድንኳን ጥለው አላለቀሱም፣ ተዝካር አላወጡም፤ እንዳይጠብቁም አልቻሉም። በእኛ አገር ሐዘን ሥርዓት ስላለው ነው ሰው የሚችለው፤ ለቀስተኛው ይመጣል፣ እድሩ ያስተዛዝናል፣ ሰባቱና አርባው ይቆጠራል። ያ ሥርዓት ያልተደረገለት ሐዘን ቤት ውስጥ ተቀምጦ ያረጃል።

ይህ ነገር በሌላውም ዓለም ይታወቃል። ፖውሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት የቤተሰብ ጉዳይ ምሁር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ፣ በቬትናም ጦርነት የጠፉ የጦር አብራሪዎችን ቤተሰቦች ሲያጠኑ፣ ይህን ዓይነቱን ሐዘን ከሌላው ሐዘን ለይተው ስም ሰጥተውታል፤ መጨረሻው ያልለየ እጦት ልንለው እንችላለን። ሰውየው በአካል የለም፣ በሐሳብ ግን ቤቱን ሞልቶታል፤ ቤተሰቡም «ሞቷል» ብሎ እርም አያወጣ፣ «አለ» ብሎ አያርፍ። ምሁሯ አጥብቀው የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፦ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ቢንገላታ ጥፋቱ የሁኔታው ነው፣ የቤተሰቡ ድክመት አይደለም። እናትዎም እስከ ዕለተ ሞታቸው በር በሩን ማየታቸው ከእምነት ጉድለት ወይም ከአእምሮ መዛባት የመጣ አልነበረም።

ነገር ግን የእናትዎ ጥበቃና የእርስዎ ጥበቃ አንድ አይደለም፤ ይህን ልዩነት በደንብ እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ወንድምዎ ተወስዶ ነው የሄደው፤ ልጅዎ ወድዶ ተመዝግቦ ሄደ። የወንድምዎ ወሬ ጠፍቶ ቀረ፤ ልጅዎ ደውሎ ድምፁን አሰምቶዎታል፣ ሥልጠና ላይ መሆኑንም ነግሮዎታል። ጎህ ሲቀድ በሩ ሲንኳኳ ጉልበትዎን የሚይዘው ፍርሃት ከእናትዎ ቤት ይዘውት የመጡት ፍርሃት ነው፤ ገና ያልሆነውን ከሆነው ጋር ያደባልቅብዎታል። ፍርሃቱ ሲነሣብዎ «ይህ የወንድሜ ነው፣ ይህ የልጄ ነው» ብለው ቢለዩት ሸክሙ ባይጠፋም ይከፈላል። ስለ ወንድምዎ ደግሞ ከንስሐ አባትዎ ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩ። ስሙ በጸሎት እንዲነሣ፣ በእሱ ስም ነዳያን እንዲበሉ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ይጠይቋቸው። እናትዎ ሳያገኙት የቀሩትን ሥርዓት እርስዎ በዚህ መንገድ በከፊል ሊያገኙት ይችላሉ።

ስለ ምርቃቱ። የትምህርት ማስረጃውን መደበቅዎ ልክ ነበር አልልዎትም፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው በራሱ ነገር ይወስናል፣ መሬቱ ጠቦ፣ ትምህርቱ አልሆን ብሎት ሌላ መንገድ መፈለጉም ይገባል። ይሁንና በመለያየት ዋዜማ የሚነሣ ጠብ በብዙ ወታደር ቤት ያለ ነገር ነው። ካትሊን ቬስታል ሎጋን የተባሉ ጸሐፊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ስለ አሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተሰቦች ባሳተሙት ጽሑፍ፣ መርከበኛው ከመሄዱ በፊት ባሉት ሳምንታት ባልና ሚስት በማይረባ ነገር እንደሚጨቃጨቁ፣ በመጨረሻዎቹም ቀናት በአንድ ጣራ ሥር ሆነው እንደሚራራቁ ገልጸዋል። ሰው ሳያውቀው፣ ተቆጥቶ መለየት ወድዶ ከመለየት የሚቀልለው ይመስለዋል። እርስዎም ልጅዎን ስለጠሉት አልተቆጡም፤ እሱም ይህን አይስተውም። በሶውን አንድ በአንድ ቆልተውና ፈጭተው የቋጠሩለት እርስዎ መሆንዎን ያውቃል።

ምርቃት ደግሞ ቀኑ አያልፍበትም። በሚቀጥለው ሲደውል፣ ከሰላምታው ቀጥሎ፣ ከጥያቄው ሁሉ በፊት ይመርቁት፦ «ልጄ፣ ያን ዕለት ተቆጥቼ ያልመረቅኩህን ዛሬ እመርቅሃለሁ፤ ወጥተህ ግባ፣ እንቅፋት አይምታህ፣ ክፉ አይይህ»። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ዋናው ቃል ደርሷል። ካልደወለ ደግሞ ይህን ደብዳቤ የጻፈችልዎ ልጅ በስልክዋ አጭር መልእክት ትላክለት፤ ኔትወርክ ያገኘ ዕለት ያነበዋል።

የስልኩ ነገር ትንሽ ሊያቆየን ይገባል። ሥልጠና ላይ ያለ ወጣት ስልክ እንደ ልቡ አይዝም፣ ሲያገኝም የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ያቺን አጭር ጊዜ ለቅሶ ከወሰዳት፣ እሱ የእርስዎን ጭንቀት ይዞ ወደ ሰልፉ ይመለሳል፤ ሌላ ጊዜም ለመደወል ይፈራል። እንባ ቢመጣብዎ አይደብቁት፣ «ናፍቀኸኝ ነው» ይበሉትና ወደ ቤት ወሬ ይለፉ። ወታደር ከቤቱ መስማት የሚፈልገው ትንንሹን ነገር ነው፤ ገብሱን ውርጭ መታው ወይስ ተረፈ፣ የወለደችው በግ መንታ ነው ወይ፣ የእነ እገሌ ልጅ ተዳረ ወይ፣ ታናሹ ፈተና አለፈ ወይ። ቤቱ እንዳለ መቀጠሉን ያውቅበታል። «የት ነህ? ወዴት ትሄዳላችሁ?» ብለው ግን አያጥብቁት። ወታደር ያለበትን ቦታና የሚሄድበትን መንገድ እንዳይናገር ይታዘዛል፤ እናቱን መዋሸት ወይም ትእዛዝ መተላለፍ ሁለቱም ይከብዱታል። በምትኩ በቤተሰብ ተጠሪነት የማንን ስልክ እንዳስመዘገበ፣ የክፍሉ መጠሪያ እንዲነገር የሚፈቀድ ከሆነ ምን እንደሚባል፣ አብሮት ያለ ያገሩ ልጅ ካለ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቁትና ይጻፉት። ወደፊት ስልክ ብዙ ቀን ቢጠፋ የሚጠይቁት ሰውና የሚጀምሩበት ቦታ ይኖርዎታል። ዝምታ በራሱ ክፉ ወሬ አለመሆኑንም ከአሁኑ ቢስማሙ ጥሩ ነው፤ እሱ «ለብዙ ጊዜ ላልደውል እችላለሁ» ብሎ አስቀድሞ የነገረዎት ዝምታ፣ ሳይነግርዎ ከጠፋበት ዝምታ ይልቅ ይቻላል።

ስለ ጎህ ሲቀድ በር ማንኳኳት፣ ይህን ክፍል ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን የወታደር ቤተሰብ ጎረቤት ለሆኑ ሁሉ እጽፈዋለሁ። በአገራችን መርዶ ሌሊት ወይም በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ የሚነገር በመሆኑ፣ ልጅዋ ጦር ሠራዊት የገባ እናት በማለዳ የሰው ድምፅ ከደጅ ስትሰማ ምን እንደሚሰማት መገመት አያስቸግርም። እሳት ለመጫር፣ አህያ ለመዋስ፣ ለወፍጮ ቤት ለመጣራት የሚመጣ ጎረቤት ከአጥሩ በር ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ደህና ነው! እኔ ነኝ፣ እሳት ፈልጌ ነው» ቢል ምንም አይከብደውም። ሁለትና ሦስት ሆኖ በጠዋት ከመምጣትም ቢቆጠብ። እርስዎም ይህን ለጎረቤቶችዎ ለመንገር አይፈሩ፤ በቡና ላይ አንድ ጊዜ ቢናገሩት ይበቃል። ችግሩን ያልነገሯቸው ሰዎች ሊያውቁልዎ አይችሉም።

አሁን ወደ ባለቤትዎ። «አንድ ቃል አይተነፍስም» ያሉትን ሳነብ ግድ የለሽ ሰው አልታየኝም። ከበጎቹ ጋር ሲውል ምን እንደሚያስብ እርስዎም እኔም አናውቅም፤ ነገር ግን በእኛ አገር ወንድ ልጁን ወደ ውትድርና የሸኘ አባት ኩራቱን እንዲናገር እንጂ ፍርሃቱን እንዲናገር አልተፈቀደለትም። ሸዋ በ1888 ዓ.ም. ክተት ከታወጀ ጀምሮ፣ በማይጨው ዘመቻም፣ ከዚያ በኋላ በነበሩትም አምስት የአርበኝነት ዓመታት ልጆቹን ሲልክ የኖረ አገር ነው፤ አባቶች የወረሱት አነጋገር የፉከራና የቀረርቶ ነው፣ ልጅ ናፈቀኝ የሚል አይደለም። ስለዚህ «ለምን አትናገርም?» ብለው አይጠይቁት፤ ክስ ይመስለዋል። ማታ እሳት ዳር ሲቀመጥ «ዛሬ ልጁ ትዝ አለኝ፤ አንተስ?» ይበሉት። መልስ ባይሰጥም ጥያቄው ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ወንዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ከሚናገሩት ይልቅ አብረው ሲሠሩ የሚናገሩት ይበዛል፤ አንድ ቀን ከበጎቹ ጋር አብረውት ይውጡ። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፦ ዝምታው ከአረቄ ጋር እየሄደ ከሆነ ቶሎ ይነጋገሩበት። በእኛ አካባቢ አረቄ ለብርድ፣ ለድካም፣ ለሐዘንም መድኃኒት ተደርጎ ይቆጠራል፤ ለአንድ ሌሊት ያስተኛ ይመስላል እንጂ እንቅልፍን ይሰብራል፣ ጭንቀትንም በማግሥቱ ያባብሳል።

ስለ ወሬ በአጭሩ። ወሬ ከሬዲዮም፣ ከፌስቡክም፣ ከገበያም ይመጣል፤ ሁሉንም የሚሰማ ሰው በቀን ብዙ ጊዜ ልጁን ይቀብራል። በቀን አንድ ጊዜ፣ ከሚያምኑት አንድ ምንጭ ይስሙና ይዝጉት፤ ከመኝታ በፊት ፈጽሞ አይስሙ። ልጆቻቸው የሄዱባቸው ሌሎች እናቶች በአካባቢዎ ካሉ በሰንበቴ ወይም በቡና መገናኘቱ በጣም ይረዳል፤ እርስዎን «አታሟርቺ» የማይልዎ ሰው እዚያ ያገኛሉ። ጨዋታው ወደ «እንዲህ ሆነ አሉ» ከዞረ ግን ከመካከላችሁ አንዷ ልታቆመው ይገባል።

በመጨረሻ ስለ ጤናዎ። እንቅልፍ ማጣቱ፣ አለመብላቱና መጨነቁ በአብዛኛው ቀን ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ሥራዎን መሥራት ካቃተዎ፣ ቀሚስዎ እስኪሰፋዎ ድረስ ከከሱ፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የሞት ሐሳብ ከመጣ ሁለት ሳምንት አይጠብቁ፣ በዚያው ዕለት ለቅርብ ሰው ይናገሩና ይሂዱ። ሲሄዱ «ያነደኛል» ብለው ብቻ እንዳያቆሙ፤ «ልጄ ወደ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ነው» የሚለውን ይጨምሩ። ያቺ ዐረፍተ ነገር ባለሙያውን ከጨጓራ መድኃኒት ወደ ትክክለኛው ሕክምና ታደርሰዋለች። አስፈላጊ ሲሆን ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይልኩዎታል። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ሄጄ ጠበል ልጠመቅ ቢሉ አልቃወምም፤ ጸሎትና ስለት ለብዙ ሰው ጥበቃውን የሚይዝበት እጀታ ነው። ሕክምናውን ግን አያስቀርዎት፤ ሰውነትዎ ደክሞ ሳለም ጾም ከማጥበቅዎ በፊት ከንስሐ አባትዎ ጋር ይማከሩ፤ ለሕመምተኛ ሥርዓቱ ምን እንደሚፈቅድ እሳቸው ይነግሩዎታል።

ጥያቄ፦ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ወንድሜ ወታደር ቤት ከገባ ወዲህ እናቴ ስለ እሱ እንጂ ስለ ሌላ አታወራም። ፈተና ጥሩ አምጥቼ ስነግራት «እሱ ቢኖር ደስ ባለው» ብላ አለቀሰች። እኔም ይናፍቀኛል፤ ግን ቤት ውስጥ የሌለሁ እየመሰለኝ ነው። ይህን ብነግራት ክፉ ልጅ አልባልም?

መልስ፦ እህታችን፣ ክፉ ልጅ አይደለሽም። ወንድም ወደ ውትድርና ሲሄድ ቤት የሚቀሩት ልጆች ሁለት ነገር ነው የሚያጡት፤ ወንድማቸውንና የእናታቸውን ሐሳብ። በዚያ ላይ «እኔ እኮ ደህና ነኝ፣ ምን ብዬ አማርራለሁ?» እያሉ ራሳቸውን ዝም ያሰኛሉ። ጨዋ የሚባሉት ልጆች ደግሞ ይበልጥ ይጎዳሉ፣ ማንም አያያቸውምና።

እናትሽ ስታለቅስ አትንገሪያት። ብርዱ ጠንክሮ ሁላችሁም ከእሳቱ ዳር የተሰበሰባችሁበት፣ እሷም ረጋ ያለችበት ምሽት ፈልጊ። «ለእሱ ብቻ ታስቢያለሽ» ብትያት ፍርድ ነው፣ ራሷን መከላከል ትጀምራለች፤ «እማዬ፣ እኔም ይናፍቀኛል፣ አንቺም ትናፍቂኛለሽ» ብትያት ግን የምትመልሰው ሌላ ነው። ከዚያ አንድ ትንሽ ነገር ለምኛት፤ ለምሳሌ ቅዳሜ ገበያ አብራችሁ እንድትሄዱ፣ በመንገድ ላይም ስለ ትምህርትሽ ብቻ እንድትጫወቱ። ብዙ አትጠይቂ፣ ያቺን አንዷን ግን አጥብቀሽ ያዣት። ለወንድምሽ በራስሽ ስም መልእክት ላኪለት፤ የታናሽ እህት ወሬ ከእናት ወሬ የተለየ ስለሆነ ሳያስቀው አይቀርም። በትምህርት ቤትሽ የምታምኛት መምህርት ካለች ለእሷም ንገሪያት፤ ትምህርት ላይ ማተኮር ቢያቅትሽ ምክንያቱን የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው መኖሩ ይጠቅምሻል።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነው የምኖረው። ሴት ልጄ ወደ ሠራዊቱ ከገባች ወዲህ ሰዎች ሲያዩኝ «ሴት ልጅህን ለምን ለቀቅካት?» ይሉኛል። እኔ በልጄ እኮራለሁ፣ እፈራላታለሁም። ሁለቱን በአንድ ልብ መያዝ ከበደኝ። ለሰዎቹስ ምን ልመልስ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ኩራትና ፍርሃት በአንድ ልብ ውስጥ መኖራቸው የሚያስደንቅ አይደለም፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን ማባረር አይጠበቅብዎትም። እንዲያውም ለሚያምኑት አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ይናገሩት፦ «እኮራባታለሁ፣ እፈራላታለሁም»። ብዙ አባቶች ኩራቱን አደባባይ ላይ አውጥተው ፍርሃቱን ሌሊት ለብቻቸው ስለሚይዙት ነው የሚደክሙት።

«ለምን ለቀቅካት?» ለሚሉዎ ረጅም መልስ አያስፈልግም። የሴት ልጅ ወደ ጦር ሜዳ መውጣት ለዚህ አገር አዲስ አይደለም፤ እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል፣ በመቀሌውም ምሽግ የጣሊያን ጦር ውኃ እንዲያጣ የተደረገው በእሳቸው ምክር ነው፤ ሸዋረገድ ገድሌም በጣሊያን ወረራ ዘመን በአርበኝነት ስማቸው የሚነሣ ነው። ግን ለመከራከር ብለው ታሪክ መዘርዘር አይጠበቅብዎትም፤ «ዕድሜዋ ደርሶ የወሰነችው ነው፣ ጸልዩላት» ብለው ወደ ሌላ ጨዋታ ይለፉ። ለልጅዎ ግን የሰዎቹን ወሬ አይንገሯት። ሲደውሉላት ከምትሰማው ድምፅ ውስጥ የጎረቤት ሐሜት እንዳይኖር፣ እርስዎ የሚኮሩባት መሆኑን ደግሞ በግልጽ ቃል እንድትሰማ ያድርጉ፤ ሴት ልጅ ወታደር ሆና ከአባቷ አፍ ይህን ሳትሰማ ብዙ ጊዜ ትቆያለች፣ አባትየው ታውቃለች ብሎ ስለሚገምት።